ለድመት ለቅሶ የደረስን ዕለት

መርሳ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለቃልኪዳን፣ ሻርጃ

የሆዴ ልጅ ቃልዬ፣ ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ የዚያ አገር ሙቀት በረድ ያለበት፣ አንቺም ከሥራ ገብተሽ ጫማሽን አውልቀሽ እግርሽን የዘረጋሽበት ሰዓት ይሁንልኝ።

ከጎረቤታችን ከጋሽ ዓሪፍ ልጀምርልሽ፤ ወረቀቱን የሚያመጣልሽ ልጃቸው ሚስባህ ነውና። ጋሽ ዓሪፍ ዓይናቸው በራ! ያ ስንት ዘመን የጋረዳቸው ሞራ ወልድያ ተገፈፈላቸው። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ያዩት ከድጃን ነው። ሚስታቸውን ትኩር ብለው አይተው አይተው፣ “አንቺ ሴት፣ መቼ ነው እንዲህ ያረጀሽው?” አይሏትም መሰለሽ! ከድጃ ደግሞ አፏ መች ቦዝኖ ያውቃል፣ “አንቱ ዓይንዎን ጨፍነው በከረሙበት ጊዜ ነዋ!” አለቻቸው። ክፍሉ ውስጥ የተኛው በሽተኛ ሁሉ ፋሻውን ይዞ ሳቀ አለችኝ። አሁን ጠዋት ጠዋት ደጃፋቸው ወንበር አስወጥተው ይቀመጡና የሚያልፈውን ሁሉ “ና እስቲ ልይህ” እያሉ መንገዱን ዘግተውታል። እኔንም ጠሩኝና ላይ ታች አይተው፣ “እታፈራሁ፣ ከስተሻል” አሉኝ። ኧረ ጾሙ ነው፣ ኧረ ሥራው ነው ብዬ አለፍኩ። ዓይኑ የበራለት ሰው እንዲህ ያስቸግራል።

ሐራ የተዳረችው ልጃቸውም... እሱን ተይው፣ ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ።

ሚስባህ አባቱን አስታሞ ሊመለስ ነው። “እትዬ፣ ለቃልኪዳን የምትልኪው ካለ አዘጋጂ፤ ብቻ ሻንጣዬን በበርበሬ እንዳትሞይብኝ” አለኝ። ወረቀትም አለኝ ስለው ሳቀብኝ። “በዚህ ዘመን ደብዳቤ? ቴሌግራም ላይ አትጽፊላትም?”

ቴሌግራሙንማ አንቺም ታውቂዋለሽ። የላክሁልሽ ሁሉ ሁለት ሁለት ምልክት ያወጣል። አይተሽዋል ማለት ነው። እሱም ደስ ይለኛል፤ ልጄ ዛሬም ስልኳን ከፍታለች እላለሁ። መልስ ባለመምጣቱ አልተቀየምኩም። ግን አስቤ አስቤ፣ ስልክ ላይ የተጻፈ ነገር “መልሽልኝ፣ መልሽልኝ” እያለ የሚነዘንዝ መሰለኝ። ወረቀት እንደዚያ አይደለም። ታጥፎ መሳቢያ ውስጥ ይተኛል። ስትፈልጊ ታነቢዋለሽ፣ ካልፈለግሽ ደግሞ እንደተኛ ይከርማል።

ፍፁም ነግሮኛል። ባልሽን እንዳትቆጪው፤ እኔው ነኝ ደጋግሜ እየደወልኩ መውጫ ያሳጣሁት። ልጁ ተወልዶ አንድ ሌሊት ብቻ ማደሩን፣ አንቺም “ለአገር ሰው እንዳይነገር” ማለትሽን፣ እዚያ ያሉት ሐበሾች ሁሉ እየደወሉ “ግድ የለም፣ ይተካልሻል” ሲሉሽ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ ዳግም ለማንም አለማንሳትሽን ነግሮኛል። አደራሽን ጠብቄያለሁ። እርጉዝ መሆንሽንም “ሳይወለድ አይወራም” ብዬ ለማንም ስላልተነፈስኩ፣ መርሳ ላይ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። ሲወለድም አያት ሆንኩ አላልኩም፤ ሲያልፍም ምንም አላልኩም። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ያን ጊዜ ብታነሺልኝ ኖሮ “ይተካልሻል” ልልሽ አፌ ላይ ነበረ። እንዲህ ነው የተማርነው። ክርስትና ሳይነሳ ለሄደ ልጅ ድንኳን አይጣልም፣ ሰው አይጠራም፤ ይተካልሽ ተብሎ ይወጣል።

ስለዚህ አሁንም ስለሱ አላወራሽም። የማወራሽ ስለ ድመትሽ ነው።

ጥለት ደህና ናት። አሁን ይሄን ስጽፍ ወረቀቱ ላይ ልትተኛ እየታገለችኝ ነው። የጅራቷ ጫፍ ላይ ያለው ቀዩ መስመር ልክ ስም ስታወጪላት እንደነበረው ነው፤ ነጠላ የለበሰች ይመስል ጥለቷን እየጎተተች ትሄዳለች። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ግን አሳስባኝ ነበር። እህል አሻፈረኝ ብላ አልጋ ሥር ገባች። ያን ሰሞን እኔም እህል አልገባ ብሎኝ ነበርና ሁለታችን ተፋጠን ዋልን። ኋላ ይቺ የልጄ አደራ እጄ ላይ ከቀረች ምን እላለሁ ብዬ አዘልኳትና ከብት ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ካርድ የሚቆርጠው ልጅ “እትዬ፣ በሬውን ደጅ አስረሽው መጣሽ?” አለኝ። ነጠላዬን ገለጥ አድርጌ ሳሳየው ወንበሩ ላይ ሳቁ ጣለው። ዶክተሩም መስክ ወጥቷል ተባልኩ።

ስመለስ ስልክ የሚጠግነው ልጅ ድመት ታቅፌ አየኝና፣ “እትዬ፣ አንቺ እኮ ‘ለማዳ’ ውስጥ መግባት አለብሽ” አለኝ። ለማዳ ማለት ቴሌግራም ላይ ያለ ግሩፕ ነው። ከወልድያ፣ ከመርሳ፣ ከግራና፣ ከሐራ፣ እንስሳ ቤታቸው ያስለመዱ ሰዎች ተሰብስበው ቀኑን ሙሉ የሚያወሩበት። እዚያው እንደቆምኩ አስገባኝ። እኔም በአንድ ጣቴ እየለቀምኩ፣ “የለማዳ ሰዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ እታፈራሁ እባላለሁ፣ ከመርሳ ነኝ። የልጄ ድመት እህል ትታብኛለች” ብዬ ጻፍኩ። ቃልዬ፣ ሻይ እስኪፈላ እንኳን አልቆየም፣ መልሱ እንደ በረዶ ዘነበብኝ። እኔን ማን ነሽ ያለኝ የለም። ሁሉም የሚጠይቁት “ስሟ ማን ነው?” ብለው ነው።

ግሩፑን የሚጠብቀው ናሆም የሚባል ልጅ ነው፤ ሲሪንቃ እርሻ ምርምሩ ውስጥ ይሠራል፣ ቤቱ ደግሞ ጥንቸል ያረባል። “ድዷን ገልጠሽ ፎቶ አንሺልኝ” አለኝ። ጥለትን ታውቂያታለሽ፣ ድድ ገልጦ ፎቶ! እጄን ቧጭራ ቧጭራ አነሳኋት። የሆድ ትል ነው አለና መድኃኒቱን ጻፈልኝ፤ ከወተት ጋር አጠጣኋት። በሦስተኛው ቀን ከአልጋ ሥር ወጥታ ከሳህኔ ሥጋዬን ነጠቀችኝ። ይሄን ስጽፍላቸው ግሩፑ ሠርግ ቤት ሆነ።

ከዚያ በኋላማ ለመድኳቸው። ግራና ያለችው ቡርቱካን የምትባል እኩያዬ ሴት ናት፤ መጻፍ ይሰለቻታልና ድምፅ ነው የምትልከው። ድምፁ ውስጥ አህያ ይጮኻል፣ ዶሮ ይጮኻል፣ እሷም ትጮኻለች። ያስለመደችው በግ ነው። ለዓረፋ ተገዝቶ ልጆቹ አላሳርድ አሉ፤ “እሺ ከርሞ ይታረዳል” ተባለ። ከርሞም ደረሰ፣ ደግሞ ከርሞ ተባለ። ስሙ በዚያው ከርሞ ሆኖ ቀረ። አሁን ቤት ገብቶ ምንጣፍ ላይ ይተኛል። በግ የቤት እንስሳ ነው ወይስ አይደለም ተብሎ ግሩፑ ውስጥ ክርክር ተነስቶ ነበር አሉ። ናሆም “ከእጅ የጎረሰ ሁሉ ለማዳ ነው” ብሎ ፈረደ።

ሐራ ደግሞ ዛኪር አለ፣ የእርግብ ጌታ፣ ወጣት ነው። የጥለትን ፎቶ በላክሁ ቁጥር፣ “ኧረ እትዬ፣ በአላህ! እርግቦቼ አይተው እንቁላል መጣል ተዉ” ይለኛል።

“ሐራ ያለ እርግብ መርሳ ያለች ድመት ምን ታደርገዋለች?” እለዋለሁ።

“ዓይኗን አይተሽዋል? ይቺ በስልክ ውስጥ ነው የምትገባው።”

ቡርቱካን ትቀጥላለች፣ “አንተ ልጅ፣ እርግቦችህ እንቁላል የተዉት ያንተን ፊት ጠዋት ጠዋት እያዩ ነው። መጀመሪያ አግባ!”

እንዲህ ነው የሚዋለው፣ ቃልዬ። ቁም ነገር የለውም። ብቻ ቤቱ ውስጥ ድምፅ አለ።

አሁን የምነግርሽ ግን ስለ ጋሽ አበባው ነው። ወልድያ ያሉ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የደሴን መንገድ አውቶቡስ የነዱ፣ አሁን ጡረታ የወጡ። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ፍሬን የምትባል ግራጫ ድመት ነበረቻቸው። ጠዋት ጠዋት ያቺኑ መስኮት ላይ የተቀመጠችዋን ፍሬንን ፎቶ አንስተው “ፍሬን ደህና አደረች” ብለው ይልካሉ። ሌላ ነገር አይጽፉም። እኛም “እንኳን ደህና አደረች” እንላለን። በቃ፣ ቀኑ ተከፈተ ማለት ነው። እኔም ሳላውቀው ያቺን ድመት ሳላይ ሥራ የማልጀምር ሆንኩ።

አንድ ጠዋት ፎቶው ቀረ። ወደ እኩለ ቀን ሲሆን፣ “ፍሬን የለችም። መስኮቷ ሥር እንደተጠቀለለች በዚያው ቀረች” ብለው ጻፉ።

አቤት የወረደው መልስ! ሰው ደግ ነው ልጄ፣ ክፉ የለበትም። ያላዘነ አልነበረም። ግን ወዲያው፣ “አይዞዎት ጋሽ አበባው፣ የኔዋ ወልዳለች፣ አንዷን ይወስዳሉ።” “ግራጫ አለች፣ ቁርጥ ፍሬንን!” ናሆምም “ቅዳሜ ምርጧን ይዤልዎት እመጣለሁ” አለ። “ይተካል፣ ይተካል” ሆነ። የድመት ግልገል ፎቶ ተደረደረ። እሳቸው ሁሉንም አይተዋል፤ አንድ ቃል አልመለሱም። ማታ ላይ “አበባው ከግሩፑ ወጥተዋል” የሚል ጽሑፍ መጣ።

ቃልዬ፣ ይሄን ሳይ ስልኩ እጄ ላይ ከበደኝ። አይቶ ዝም ማለትን እኔ አውቀዋለሁ። ስንት ቀን ያን ሁለት ምልክት ቁጭ ብዬ ያየሁ ሰው ነኝ።

ሌሎቹ “ተቀየሙን እንዴ?” “ምን አጠፋን?” ይባባላሉ። እኔ ያንን ያህል የተማርኩ አይደለሁ፣ የስልክ ሥርዓት አላውቅም። የማውቀው የቅሬን፣ የዕድሩን ሥርዓት ነው። ቅሬ ላይ የታወቀ ነገር አለ፤ የከፋው ሰው በሩን ከዘጋ ሰው ይሄዳል እንጂ ደብዳቤ አይጻፍለትም። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ “እኔ ጋሽ አበባው ቤት ለቅሶ ልደርስ ነው። የሚመጣ ይምጣ።”

ቀጥሎ ሳቁ መጣ። የቡርቱካን ድምፅ ከነአህያዋ፣ “ኧረ እታፈራሁ፣ አብደሻል! ለድመት ነጠላ ልታዘቀዝቂ ነው? የመርሳ ቅሬ ቢሰማ ይቀጣሻል እኮ!” ዛኪር፣ “እትዬ፣ ሠልስቷ መቼ ነው?” አለ። ናሆም ብቻ አልሳቀም። “እሺ እንሂድ፤ ግን ገብተን ምን እንላለን? ለድመት ነፍስ ይማር ይባላል?” አለኝ።

“ምንም አንልም። ቁጭ እንላለን” አልኩት።

“ግልገሏን ይዤ ልምጣ?”

“ግልገል የያዘ ሰው እኔ የምሳፈርበት መኪና ውስጥ እንዳይገባ።”

መንገዱ ሰላም ነው የተባለ ቀን የሽምብራ ቆሎ ቆላሁና ወጣሁ። ነጠላዬን አላዘቀዘቅኩም፣ ያን ያህልስ አልደፈርኩም፤ ግን በትከሻዬም አልጣልኳት። መነኸሪያ ስደርስ ማን ቆማ ባይ ጥሩ ነው? ቡርቱካን! በድምፅዋ ነው የለየኋት፣ ድፎ ዳቦ በፌስታል አንጠልጥላ። “ወልድያ ጉዳይ ስላለኝ ነው፣ ለድመት እንዳይመስልሽ” አለችኝ። ምን ጉዳይ ስላት፣ “ዳቦውን የማደርስበት” አለች። ሲሪንቃ ላይ ናሆም ተሳፈረ፣ ባዶ እጁን፣ ፀጉሩን አበጥሮ። ዛኪር ቤቱን አጠያይቆ ወልድያ ቆሞ ጠበቀን። ነጭ ኮፍያ አድርጓል። “ምነው ሠልስቷ መቼ ነው ስትል አልነበር?” አለችው ቡርቱካን። ልጁ አፈረ።

ጋሽ አበባው በሩን ከፍተው አራታችንን ሲያዩ ደነገጡ። “ምነው? ምን ሆናችሁ? እነማን ናችሁ?”

“ለማዳዎች ነን። ለቅሶ ልንደርስ ነው” አለ ናሆም።

“የማን ለቅሶ?”

ቃልዬ፣ ሁሉም መሬት መሬት አየ። እዚህ ድረስ መጥተው ስሟን የሚጠራ ጠፋ። “የፍሬንን ነው፣ ጋሽ አበባው” አልኳቸው እኔ።

ጥቂት አዩኝ። የሚያባርሩን መስሎኝ ነበር። ዞር ብለው ወንበር ማውጣት ጀመሩ።

ገብተን ተቀመጥን። መስኮቱ ላይ ጨርቋ እንደተነጠፈ ነው፤ ሰሃኗም በውኃ እንደተሞላ። ዛኪር ቆሎ ዘግኖ እንዳይሰማ አድርጎ ሲቆረጥም ጥርሱ ጮኸበት፤ ያኔ ፈገግ አሉ። እኔም ድፍረት አገኘሁና፣ “ጋሽ አበባው፣ እንዲያው ፍሬን ያሏት ለምንድን ነው?” ብዬ ጠየቅኋቸው።

ሰውዬው ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ። “ትንሽ ሳለች ከጓሮ ተነስታ እንደ ጥይት ትመጣና እግሬ ሥር ስትደርስ ቀጥ ትል ነበር። አንድም ቀን እግሬን ገጭታኝ አታውቅም። እንደሷ ያለ ፍሬን የነበረው መኪና በዕድሜዬ ነድቼ አላውቅም” አሉ። ከዚያ ማን ያቁማቸው! ወተት ትታ ሽሮ እንደምትወድ፣ ከጎረቤት ውሻ እንዴት እንዳስጣለቻቸው፣ ሬዲዮ ላይ ዜና ሲጀምር እንዴት ተነስታ እንደምትወጣ። ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ። በመጨረሻ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱና፣ “ሰው ሁሉ ሌላ ድመት ሊሰጠኝ ተነሳ። ድመትማ ወልድያ ሞልቷል። እኔ ያጣሁት ድመት መች ሆነና፣ ፍሬንን ነው” አሉ።

ያን ጊዜ እኔ አለቀስኩ። ዕንባ ጠብ ማድረግ እንዳይመስልሽ፤ ድምፅ አውጥቼ፣ ጉልበቴን ይዤ ነው። ለማቆም ብሞክር አልቆም አለኝ። ናሆም ውኃ ቀዳልኝ፣ ቡርቱካን ጀርባዬን ያዘችኝ፤ ጋሽ አበባው ራሳቸው ተነስተው “አይዞሽ፣ አይዞሽ” ይሉኝ ጀመር። ለቅሶ ደራሹን የሚያባብለው ባለ ሐዘኑ ሆነ። ጎረቤት ያሉ አንዲት ሴትዮ ጩኸቱን ሰምተው እየሮጡ መጡ። “ማን ሞተ?” አሉ። “የጋሽ አበባው ድመት” አላቸው ዛኪር። እኔን ላይ ታች አዩኝና፣ “ታዲያ ይቺ ሴት የድመቷ እናት ናት?” አይሉም! ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ያቺ “እናት” የምትል ቃል ስትመጣ ዕንባው እንደገና ጀመረኝ።

ስንመለስ ቡርቱካን አጠገቤ ተቀመጠች። ማሽላው በሁለቱም በኩል ራሱን ደፍቷል፣ እሱን እያየን ነበር። መርሳ ልንደርስ ስንል እጄን ያዘችና፣ “እቴ፣ እኔም ልጅ ወልጃለሁ። ያ ዕንባ የድመት አይደለም” አለችኝ።

ምንም አልመለስኩላትም፣ ቃልዬ። አደራሽ አለብኝ።

“አልጠይቅሽም፣ አብሽሪ” አለችና ወረደች።

በማግስቱ ጠዋት “አበባው ግሩፑን ተቀላቅለዋል” የሚል መጣ። ፎቶ ላኩ። ያው መስኮት ነው፣ ባዶውን። ሥሩ “ደህና አደርን” ብለው ጽፈዋል። ግልገል የጠራ አንድም ሰው አልነበረም። “እንኳን ደህና አደሩ” አልናቸው። ይኸው እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ያንን ባዶ መስኮት ይልካሉ፣ እኛም ያንኑ እንመልሳለን።

ይሄው ነው ወሬዬ። ድመት ብዬ ጀምሬ ድመት ብዬ ጨረስኩ። ስልክ አንሺ አልልሽም። በርቺ፣ እርሺው አልልሽም። ያቺን ሌላዋንም ቃል ከአፌ አውጥቼ ጥያታለሁ። እኔ ልነግርሽ የፈለግሁት፣ ብችል ኖሮ ቆሎዬን ይዤ መጥቼ ካጠገብሽ ቁጭ እል ነበር። ያ አገር ግን በሚኒባስ አይደረስም። በወረቀት ቁጭ ማለት የሚቻል ከሆነ፣ ልጄ፣ ይኸው ቁጭ ብያለሁ። እስክትጠግቢኝ አልነሳም።

ለፍፁም የእናትነት ሰላምታዬን ስጪልኝ። እሱም አዝኗልና እሱንም እይው፤ ወንድ ልጅን “አይዞህ” የሚለው የለም። በርበሬው ከጓሮ የተለቀመ ነው፣ የሚስባህን ሻንጣ አልሞላሁበትም፣ በእጁ ነው የሚይዘው። የጥለትን ፎቶ ፎቶ ቤት አሳጥቤ አጥፌበታለሁ።

አባትሽን በሕይወት ሳለ የጠበቀው አምላክ አንቺን በባዕድ አገር ይጠብቅሽ። የሚያዳምጥ ጎረቤት አያሳጣሽ። እንቅልፍሽን ይመልስልሽ። የረገጥሽው ሁሉ ይለምልም፤ የተኛሽበት ሁሉ ጥላ ይሁንልሽ።

ያንቺው እናት፣
እታፈራሁ

ጥቅምት 20 ቀን፣ ሐሙስ

ቃልዬ፣ ወረቀቱን አሽጌው ነበር። ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ስለተዘጋ የሚስባህ ጉዞ ወደ ነገ ተላለፈና ከፈትኩት።

ዛሬ ሰው መጣብኝ። ከረፋዱ ላይ በሩ ተንኳኳ፤ ስከፍት ቡርቱካን ናት፣ ከርሞን በገመድ እየሳበች። “ቤት የሚጠብቀው ሰው የለም፣ ብቻውን ይጮኻል” አለችና ይዛው ገባች። ጥለት በጉን ስታይ ቁም ሳጥን ላይ ወጣች። ከኋላዋ ናሆም፣ ከሱ ኋላ ዛኪር ኮፍያውን አድርጎ፣ ከሁሉ ኋላ ጋሽ አበባው በከዘራ። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። “ምነው? ምን ሆናችሁ?” አልኩ።

“ምንም። ቁጭ ልንል ነው” አለ ናሆም።

ገቡ፣ ተቀመጡ። ማን ሞተ ያለ የለም። እኔም አልተናገርኩም፣ በእመቤቴ እምልልሻለሁ። ይዘውት የመጡት ዳቦ ተቆረሰ። ጋሽ ዓሪፍ ደጃፋቸው ሆነው ሲገቡ አይተዋቸው ኖሮ እሳቸውም ተነስተው መጡ፣ መሪ ሳይፈልጉ በገዛ ዓይናቸው። በጉን አዩ፣ “ይሄን ልታርዱት ነው?” አሉ። “ከርሞ” አለች ቡርቱካን። ሳቅ አሉና አጠገቤ ተቀመጡ። ቀስ ብለውም፣ “ከስተሻል ያልኩሽ ለዚህ ኖሯላ” አሉኝ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ለማን እንደሆነ ሳያውቁ፣ “ያ ረቢ፣ ለሄደውም ለቀረውም” ብለው። ሁሉም አሚን አለ፤ እኔም አሚን አልኩ።

ጥለት ከቁም ሳጥኑ ወርዳ የጋሽ አበባው ጋቢ ውስጥ ገባች። ዛኪር “ጋሼ፣ ይኸው መረጠችዎት” ቢል “ዛሬ የመጣሁት ለሱ አይደለም” አሉት፤ ግን ከጭናቸው አላወረዷትም። ወደ እኔ ዞሩና፣ “እታፈራሁ፣ አንቺ ቤቴ መጥተሽ ስለ ስሟ ጠየቅሽኝ። እኔም አንቺ ያለቀስሽለትን ስም ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ካልፈለግሽ አትንገሪኝ” አሉኝ።

ምን ልበላቸው፣ ልጄ? አላውቀውማ። ስም አውጥታችሁለት እንደሆነ ፍፁምን ለመጠየቅ አልደፈርኩም። “ስሙን አላውቀውም። ልጄን ጠይቄ እነግርዎታለሁ” አልኩ። “ልጄን” ማለቴ አመለጠኝ፤ ሌላ ምንም አላልኩም። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፣ ሁሉም ገባው።

ቡርቱካን የከርሞን ገመድ እጇ ላይ እየጠቀለለች፣ “እንግዲያው ስሙ እስኪመጣ እየመጣን ቁጭ እንላለን” አለች።

ጋሽ አበባው ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው ዞሩ። “ለልጅሽ ጻፊላት፣ አትቸኩል በያት” አሉ። “ያን ሁሉ ዘመን ስነዳ ዳገት ላይ የቀረ ተሳፋሪ ጥዬ ሄጄ አላውቅም። እንጠብቃታለን በያት።”